አራት ፕሌይስቴሽን አለኝ፣ ኮምፒውተር የለኝም፤ የጽሕፈት ሥራ ልጀምርበት?

ባለ አራቱ (አዳማ)፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ በአራት ፕሌይስቴሽን 4 የጨዋታ ቤት ከከፈትኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ፣ ተማሪው ሲለቀቅ፣ ወረፋ የሚጠበቅበት ቤት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከዚያ ድረስ ግን በሩ ላይ ወንበር አውጥቼ አላፊ አግዳሚውን ከማየት በቀር ሥራ የለኝም፤ ኪራዩ ደግሞ ለጠዋቱም ለማታውም እኩል ነው የሚቆጥረው።

በዚያ ባዶ ሰዓት አንዳንዱ መንገደኛ ቆም ብሎ ስክሪኖቹን ያይና «እዚህ ማመልከቻ ይጻፋል?»፣ «ሲቪ ትሠራለህ?»፣ «ኦንላይን ፎርም ትሞላልኛለህ?» ይለኛል። ኮምፒውተር ቤት መስሎት ነው። መጀመሪያ ላይ እየሳቅኩ እመልሳቸው ነበር፤ ባለፈው ሳምንት በአንድ ቀን አምስት ሰው ከመለስኩ በኋላ ግን ሳቁ ቀረ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ኢንተርኔት መክፈቻ አለው፣ ዋይፋይ ይይዛል፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ኪቦርድም ይቀበላል። አንድ ጓደኛዬ «ውስጡ እኮ ኮምፒውተር ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተለየው» ይለኛል። አባባሉ እውነት ከሆነ ከአራቱ ሁለቱን ለጠዋት ጽሕፈት መድቤ ሌላ ማሽን ከመግዛት መዳን እችላለሁ ማለት ነው። የሞከረ ሰው ካለ ልምዱን ቢያካፍለኝ አመሰግናለሁ።

የድሮ ተጫዋች፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡02

ጓደኛዎ ስለ ዕቃው የነገረዎት እውነት ነው፤ ስለ ቁልፉ ግን አልነገረዎትም።

የፕሌይስቴሽን 4 ማቀነባበሪያ ኤኤምዲ የሠራው፣ ስምንት ኮር ያለው፣ በ1.6 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ቺፕ ነው፤ ቤተሰቡም በተራ ላፕቶፖች ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው። 8 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው። የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት እንኳ ሰርቨሮች ላይ ከሚሠራው ፍሪቢኤስዲ የተቀዳ ነው። ስለዚህ ማመልከቻ ለመጻፍ ጉልበት አንሶት አይደለም። የሚያንሰው የባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ ባለቤት ስልም ገንዘብ ከፍለው የገዙትን እርስዎን ማለቴ ሳይሆን ምን ፕሮግራም እንዲነሣበት የሚወስነውን አምራች ማለቴ ነው። አምራቹ ያልፈረመበት ፕሮግራም እዚያ ማሽን ላይ አይነሣም።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ኔንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ያወጣው መጫወቻ ስሙ ራሱ «ፋሚሊ ኮምፒውተር» ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ኪቦርድና የቤዚክ ፕሮግራም መጻፊያ ወጣለትና ልጆች የጻፉትን በቴፕ ካሴት ይቀዱ ነበር። ለፕሌይስቴሽን 2 ደግሞ አምራቹ ሶኒ ራሱ ሊኑክስ የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ከ40 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ፣ ከኪቦርድና ከማውስ ጋር አሽጎ ሸጧል፤ በአሜሪካና በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2002 ነው የወጣው። ሶኒ በዚያው ዘመን ፕሌይስቴሽን 2 በቀረጥ መዝገብ ላይ እንደ ኮምፒውተር እንዲቆጠርለት እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግቷል። ጉምሩክ ፊት ሲቆም «ኮምፒውተር ነኝ»፣ ገዢ ፊት ሲቆም «መጫወቻ ነኝ» የሚል ዕቃ መሆኑ ነው።

ዋናው ታሪክ ያለው ግን በፕሌይስቴሽን 3 ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 ሲወጣ ዝርዝሩ ውስጥ «ሌላ ሥርዓት ጫን» የሚል ምርጫ ነበረው፤ ማንም ገዢ ሊኑክስ ጭኖ የቢሮ ሥራ ሊሠራበት ይችል ነበር። ዋና ሚሞሪው 256 ሜጋባይት ብቻ ስለነበርና የምስል ቺፑም ለሊኑክስ ዝግ ስለነበር ፈጣን አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ይሠራ ነበር። የአሜሪካ አየር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2010 1,760 ፕሌይስቴሽን 3 አያይዞ ኮንዶር የተባለ ትልቅ ማስሊያ ገንብቶበታል። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን፣ 3.21 የሚባል የሶፍትዌር ማሻሻያ ወጣና ያ ምርጫ ከዝርዝሩ ተነሣ። ማሻሻያውን አልጭንም ያለ ሰው ከኦንላይን ጨዋታው ቀረ። በአሜሪካ የጋራ ክስ ተመሥርቶ ከዓመታት በኋላ በካሣ ስምምነት ተዘግቷል። ፕሌይስቴሽን 4 የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያ ምርጫ አንድም ቀን ኖሮት አያውቅም።

ጣት ለፊደል፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡35

በዕድሜ ልጄ ትሆናለህ ብዬ ስለምገምት «አንተ» ማለቴን አትቀየመኝ። ሃያ ዓመት ያህል በጽሕፈት ሥራ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ጣቴን የፈታሁት በኦሊቬቲ የአማርኛ ታይፕ ነው። ስለ ማሽኑ ውስጥ የማውቀው የለም፤ ስለ ሥራው ግን ጥቂት ልበል።

ደንበኛ ወደ ጽሕፈት ቤት ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም። ወይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይይዛል፣ ወይ ፍላሽ ይይዛል። ፍላሹ ውስጥ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የዛሬ አሥር ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ነውና «ቀኑንና ስሙን ብቻ ቀይሪልኝ» ይልሻል። ያ ደብዳቤ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማሽኖች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ቁጥር አሰጣጥ፣ ከመለመዱ በፊት በነበሩት የፊደል ዓይነቶች የተጻፈ ከሆነ፣ ያው የፊደል ዓይነት የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የቅንፍ መዓት ሆኖ ነው የሚታየው። የፊደሉን ዓይነት ፈልጎ መጫን የጽሕፈት ሠራተኛ የዘወትር ሥራ ነው። ፕሌይስቴሽንህ የፊደል ዓይነት ያስጭንሃል?

ከዚያ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ወግ አለ። «ለ፦» ከግራ፣ ቀኑ ከቀኝ፣ «ጉዳዩ፦» መሐል ላይ ሆኖ ከሥሩ ይሰመርበታል፣ ለፊርማና ለማኅተም የሚሆን ባዶ ቦታ ከታች ይተዋል። ይህን በኢሜይል መጻፊያ ሣጥን ውስጥ አታሰልፈውም። በመጨረሻም ሰውየው ይዞ የሚሄደው ወረቀት ነው። ፕሪንተሩን የት ትሰካዋለህ?

ተስፋ ላስቆርጥህ አይደለም። ቃሌን ከምትሰማ አንድ ማመልከቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፍበትና ስንት ደቂቃ እንደፈጀብህ ሰዓት ያዝ።

አረንጓዴ ቁልፍ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20

የጠያቂው ምርጫ ፕሌይስቴሽን መሆኑ ነው እንጂ በኤክስቦክስ ነገሩ ትንሽ ይሻላል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ጀምሮ ኮምፒውተር ላይ ያለው አዲሱ ኢንተርኔት መክፈቻ፣ ማይክሮሶፍት ኤጅ፣ በኤክስቦክስ ላይም ወጥቷል፤ ኪቦርድና ማውስ ይቀበላል፣ በድረ ገጽ የሚሠሩትን የጽሑፍና የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች ይከፍታል። እኔ በኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ለራሴ ማስታወሻ የምጽፍበት ጊዜ አለ። ሰነዱ የሚቀመጠው ኢንተርኔት ላይ ስለሆነ ስልኬ ላይ ከፍቼ ከዚያ ነው የማሳትመው። ነገር ግን ሐቁን ለመናገር ይህን የማደርገው ሶፋ ላይ ተቀምጬ ስለሆነና ስለሚያስደስተኝ ነው፤ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ባደርገው እንደማፍር አልደብቅም። ለፕሌይስቴሽን 5 የሚያስብ ካለ ደግሞ ይወቀው፤ እዚያ ከዝርዝሩ የሚከፈት ኢንተርኔት መክፈቻ ጭራሹን የለም።

የቦርድ ሐኪም (አዳማ)፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡45

እኔም የአዳማ ሰው ነኝ፤ ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ላይ ስለምሠራ ከማሽኑ ጤና አንጻር ብቻ ልናገር።

የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 ከኋላው የተጻፈው የኃይል ልክ 250 ዋት ነው፤ ቀጭኑ 165 ዋት ነው። ይህ ጣሪያው ነው፤ ጽሑፍ ሲጻፍበት ይህን ሁሉ አይበላም። ሆኖም ተራ የላፕቶፕ ቻርጀር 65 ዋት መሆኑንና ፕሌይስቴሽኑ ቴሌቪዥኑንም አብሮ እንደሚያስነሣ ያስቡበት። አራቱንና አራቱን ቴሌቪዥን በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰክተው ከሆነ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ሳይጨርሱ ተነሥተው ይለያዩዋቸው።

ሁለተኛው ሙቀትና አቧራ ነው። የአዳማን ነፋስ ማንም አይነግርዎትም፤ ከከተማው ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ 51 እና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉት በምክንያት ነው። ያ ነፋስ በበርዎ የሚያስገባው ደቃቅ አቧራ በፕሌይስቴሽኑ ማራገቢያ ተስቦ ገብቶ የማቀዝቀዣው ክንፎች መሐል እንደ ጥጥ ይጋገራል። ባለፈው ወር የከፈትኩት አንድ ማሽን ውስጥ ከማራገቢያው እስከ ክንፎቹ ያለው ክፍተት ግራጫ የሱፍ ጨርቅ የሚመስል ነገር ለብሶ ነበር፤ በጥርስ ብሩሽ ሳነሣው ሳይበተን እንዳለ ተላጠ። ባለቤቱ «እንደ አውሮፕላን ይጮኻል» ብሎ ነው ያመጣው። አሁን በቀን ስድስት ሰዓት የሚሠራውን ማሽን ጠዋትም ጨምረው አሥራ ሁለት ሰዓት ሲያሠሩት የጽዳቱና የሙቀት ቅባቱ ጊዜ በግማሽ ያጥራል። የጨዋታ ገቢዎን የሚያመጣውን በሬ ለውኃ መቅጃም ልጠቀምበት እንደማለት ይሆንብኛል።

ሦስተኛው፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪ የለውም። ጨዋታ ሲቋረጥ ልጁ ይናደዳል እንጂ ከጨዋታው የሚጠፋ ደብዳቤ የለም።

ባለ አራቱ፦ ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እትዬ «ጣት ለፊደል» እንዳሉኝ ዛሬ ጠዋት ሰዓት ይዤ ሞከርኩት። እንደሆነው ልጻፈው።

ለመጀመሪያ ቀን ቀላል ይሁንልኝ ብዬ አንድ ጎረቤቴ የጠየቀኝን የእንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻ መረጥኩ፤ አንድ ገጽ ነው። ኪቦርዱን ሰካሁ፣ ኢንተርኔቱን ከፈትኩ፣ ኢሜይሌ ውስጥ ገባሁ። የይለፍ ቃሌን በኪቦርዱ ጻፍኩ፤ ጠቋሚውን ግን የማንቀሳቅሰው በጆይስቲኩ የግራ ዱላ ነው። ስለዚህ አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ ኪቦርዱን ጉልበቴ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ጆይስቲኩን አነሣለሁ፣ ጠቋሚውን እየገፋሁ ወደሚታረመው ቃል እወስዳለሁ፣ ያልፈዋል፣ እመልሰዋለሁ። ቴሌቪዥኑ የተሰቀለው ለተጫዋች እንዲመች ሁለት ሜትር ርቆ ስለሆነ ፊደሉ አይነበብም፤ ገጹን ባሰፋው የመስመሩ ጫፍ ከስክሪን ይወጣል። በመጨረሻ ወንበሬን አስጠግቼ አንገቴን አንጋጥጬ ጻፍኩ። ጎረቤቴ ከኋላዬ ቆሞ «ጎል ልታገባ ነው?» አለኝ።

ሁለተኛው አንቀጽ ላይ መብራት ሄደ። ሲመለስ ማሽኑ «በአግባቡ አልጠፋሁም» የሚለውን ማስታወቂያ አሳይቶ ማከማቻውን መፈተሽ ጀመረ፤ ያን ጨርሶ፣ ዋይፋዩ ተነሥቶ፣ ኢሜይሌ ውስጥ ስገባ ከረቂቁ የተረፈው የመጀመሪያው አንቀጽ ብቻ ነበር። በድምሩ አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ፈጀብኝ። ወደ ራሴ ልኬ፣ በስልኬ ከፍቼ፣ ጎረቤቴን ይዤ ማዶ ያለ ኮፒ ቤት ሄድን። የወጣው ወረቀት ላይ የእኔ የኢሜይል አድራሻና የተላከበት ሰዓት ከላይ ታትሟል። የኮፒ ቤቷ ልጅ አይታ ምንም ሳትለን ጽሑፉን ገልብጣ ወደ ኮምፒውተሯ ወሰደችና በሦስት ደቂቃ አስተካክላ አወጣችው። የከፈልነውም ለእርሷ ነው።

አማርኛውን ልሞክር ብዬ የኪቦርድ ቋንቋዎቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ አማርኛ የለበትም። ሌላ አንድ ሰው ደግሞ ፍላሽ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሰካሁለት። ማሽኑ ከፍላሹ ውስጥ አንድ መዝሙርና ሁለት የሠርግ ፎቶ አገኘ፤ ሰነዱን አላየውም። አልወቅሰውም፣ ለዚያ አልተሠራም።

ክፍት በር፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ለምን ቁልፉን አትሰብረውም? ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሊኑክስ ከተጫነ ዓመታት አልፈዋል። ቪዲዮው ሞልቷል። ሊኑክስ ከገባ ሊብሬኦፊስ የሚባለው ነጻ የጽሕፈት ፕሮግራም ገባ፣ አማርኛ ገባ፣ ፕሪንተር ገባ፤ ያኔ ኮምፒውተር ነው።

የድሮ ተጫዋች፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

የሚሉት ከእውነት የራቀ አይደለም። ፌይልኦቨርፍሎው የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ሃምቡርግ በተካሄደው 32ኛው ኬኦስ የተባለ የኮምፒውተር ሰባሪዎች ጉባኤ ላይ ፕሌይስቴሽን 4 ሊኑክስ ሲያስነሣ መድረክ ላይ አሳይቷል። ቴክኒኩ ግን ማሽኑ ላይ በተጫነው የሶፍትዌር ቁጥር ይወሰናል፤ ቀዳዳው በአንዱ ማሻሻያ ይደፈንና ያንን ማሻሻያ የጫነ ማሽን ወደ ኋላ አይመለስም። የጠያቂያችን አራት ማሽኖች ማታ ማታ አዲስ ጨዋታ የሚያስፈልጋቸው ስለሆኑ የተሻሻሉ እንደሚሆኑ እገምታለሁ። ከዚህም በላይ ዘዴው ማሽኑ በጠፋና በበራ ቁጥር ከመጀመሪያው የሚደገም ነው፤ መብራት በቀን ሁለት ጊዜ በሚሄድበት ቤት ጠዋቱ ቁልፍ ሲሰበር ያልፋል። ተሰብሮ የተገኘ ማሽን ከኦንላይኑ ሊታገድ እንደሚችልም ይታወቅ። ለአንድ ተማሪ የእውቀት ጨዋታ ይሆናል፤ ከእርሱ እንጀራ ለሚበላ ሰው ግን አልመክረውም።

አራተኛ ዓመት፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡40

ክሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ቁልፉን መስበር ሳያስፈልግ ከእነ ቁልፉ የሚሸጥ መጫወቻ መኖሩን ልጨምር። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ስቲም ዴክ አምጥቶልኝ ላለፈው አንድ ዓመት ከላፕቶፕ ይልቅ እርሱን ነው የምጠቀመው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 የወጣ፣ በእጅ የሚያዝ፣ ባለ 7 ኢንች ስክሪን መጫወቻ ነው፤ ሥርዓቱ አርች ከተባለው የሊኑክስ ዓይነት የተሠራ ነው። የማጥፊያ ቁልፉን ይዞ በሚወጣው ዝርዝር ውስጥ «ወደ ዴስክቶፕ ቀይር» የሚል አለ፤ እርሱን ሲጫኑ ተራ ኮምፒውተር ይሆናል። ሊብሬኦፊስን ከውስጡ ካለው የፕሮግራም መደብር በነጻ አወረድኩት። 16 ጊጋባይት ሚሞሪ ስላለው አሳይመንት ቀርቶ የምሕንድስና ስሌት ፕሮግራም አያስቸግረውም፤ ባትሪም ስላለው መብራት ሲሄድ አያስደነግጥም።

ጉድለቱንም ልናገር። የዩኤስቢ ቀዳዳው አንድ ብቻ ስለሆነ ቻርጀር፣ ኪቦርድ፣ ማውስና ስክሪን ለማገናኘት ማከፋፈያ ግድ ነው፤ የእኔው ማከፋፈያ ላላ ስላለ እጄ ሲነካው ስክሪኑ ይጠፋል። ከመደብሩ ውጪ የሥርዓቱን መቆለፊያ ከፍቼ የጫንኳቸው ነገሮች ማሻሻያ በመጣ ቁጥር ይጠፋሉ። አማርኛ የምጽፈው በድረ ገጽ ላይ ባለ የፊደል መተየቢያ ነው፤ ኢንተርኔት ከሌለ አማርኛ የለም። ለማሳተም ፒዲኤፍ አድርጌ በፍላሽ ኮፒ ቤት እወስዳለሁ። ለእኔ ለተማሪው ይበቃኛል። ለጽሕፈት ቤት ግን ከዚህ ገንዘብ ባነሰ ዋጋ ያገለገለ ዴስክቶፕ ይገኛል፤ ወንድሜ ባያመጣልኝ ኖሮ እኔም እርሱን ነበር የምገዛው።

ጣት ለፊደል፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡10

ልጄ፣ ሰዓት በመያዝህ ደስ አለኝ። አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ፤ ማመልከቻውን ያዳነው ፕሌይስቴሽኑ ሳይሆን ስልክህ ነው። ስልክህ አማርኛ ይጽፋል፣ ሰነድ ይከፍታል፣ ፒዲኤፍ ያወጣል፣ ቻርጅ ካለው መብራት ቢሄድም አይጠፋም። ኮምፒውተር እስክትገዛ ድረስ ፎርም መሙላቱን በእርሱ ጀምረው፤ ከውድ ማሽን ይልቅ ኪስህ ውስጥ ያለው ይቀርባል። ደብዳቤውን ግን በስልክ አትድፈረው፤ ጉዳዩ መሐል ላይ አልሰለፍ ይልሃል።

የቦርድ ሐኪም፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡50

እኔ የማስበው እንዲህ ነው። ከእርስዎ ዘንድ የጎደለው የጽሕፈት ቤት ግማሹ ብቻ ነው፤ ስክሪን አለ፣ ኪቦርድ አለ፣ ዋይፋይ አለ፣ ጠረጴዛና በር አለ። የሌለው ሣጥኑ ነው። ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ትንሽ ዴስክቶፕ ያለ ስክሪን ሲገዛ ዋጋው ከአንድ ደህና ፕሌይስቴሽን 4 ብዙ አይርቅም። ጠዋት ሥራ ፈትቶ የሚውለው ቴሌቪዥን የእርሱ ስክሪን ይሆናል፤ ማታ ገመዱን ነቅለው ወደ ጨዋታው ይመልሱታል።

ሲገዙ ከኋላው ያለውን ቀዳዳ ይመልከቱ። የቢሮ ማሽኖች ብዙዎቹ ኤችዲኤምአይ የላቸውም፤ ቪጂኤ እና ዲስፕለይፖርት ነው ያላቸው። ቴሌቪዥንዎ ቪጂኤ ከሌለው ከዲስፕለይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ገመድ ይግዙ፤ አቅጣጫ ስላለው ተገላቢጦሹን እንዳይሸጡልዎ። ሃርድ ዲስኩ አሮጌው የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ እርሱን በኤስኤስዲ፣ በማይሽከረከረው ፈጣን ማከማቻ፣ ይተኩ፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ልዩነቱ እዚያ ነው የሚታየው። መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ የሚይዝ ባትሪ፣ ትንሽ ዩፒኤስም ይጨምሩበት፤ ደብዳቤውን አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ከሰጠ ሥራውን ሠርቷል።

ባለ አራቱ፦ ከመጀመሪያው ጥያቄ አሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡25

ክሩን ባዶ ላለመተው ተመልሻለሁ። ከአራቱ ጩኸታሙን ለአንድ ልጅ ሸጥኩና ጥቂት ጨምሬበት ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛሁ። ገመዱን የገዛሁበት ሱቅ መጀመሪያ ተገላቢጦሹን ነበር የሰጠኝ፤ «የቦርድ ሐኪም» ባይነግሩኝ ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ እመልሰው ነበር።

አንድ ችግር ግን አለ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሲታይ የዴስክቶፑ አራቱም ጠርዝ ተቆርጧል፤ ከታች ያለው የፕሮግራሞቹ መስመር ግማሹ ነው የሚታየው። በተጨማሪም ቀይ ፊደል ነጭ ላይ ሲጻፍ ጠርዙ ይደበዝዛል። ጨዋታ ላይ ይህን አስተውዬው አላውቅም።

የቦርድ ሐኪም፦ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 5፡00

እንኳን ደስ አለዎ። ሁለቱም የቴሌቪዥኑ ባሕርይ ናቸው። ቴሌቪዥን ከጥንት ጀምሮ የምስሉን ጠርዝ አስፍቶ ከስክሪኑ ውጪ የመጣል ልማድ አለው፤ ጨዋታዎች ያንን አውቀው ጽሑፋቸውን ከጠርዝ አርቀው ስለሚያስቀምጡ ነው ያላስተዋሉት። በሪሞቱ የምስል መጠን ውስጥ ገብተው «ስክሪን ፊት» ወይም «ጀስት ስካን» የሚለውን ይምረጡ፤ ስሙ እንደ ቴሌቪዥኑ ይለያያል። የቀዩ መደብዘዝ ደግሞ ቴሌቪዥኑ የቀለሙን መረጃ ከብርሃኑ ያነሰ ዝርዝር አድርጎ ስለሚያሳይ ነው፤ ለፊልም አይታይም፣ ለፊደል ግን ይታያል። አንዳንዱ ቴሌቪዥን የኤችዲኤምአዩን ስም «ፒሲ» ብለው ሲሰይሙት ይህን ይተወዋል፤ ይሞክሩት።

ጣት ለፊደል፦ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 5፡30

ኬይማን የሚባለውን የአማርኛ መተየቢያ ጫን፤ ነጻ ነው። አቢሲኒካ የሚባለውን የፊደል ዓይነትም አውርደህ አስቀምጥ። አሮጌዎቹን የፊደል ዓይነቶች ከምታውቀው ጽሕፈት ቤት በፍላሽ ለምነህ ውሰድ፤ አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ የ1990ዎቹን ደብዳቤ ይዘውልህ ይመጣሉ።

ባለ አራቱ፦ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡40

ጠርዙ ተመለሰ። «ፒሲ» ብዬ ስሰይመው ቀዩም ጠራ። እትዬ፣ ኬይማንን ጭኜ የመጀመሪያዋን የአማርኛ ደብዳቤ አሁን ጨረስኩ፤ የዓመት ፈቃድ ጥያቄ ናት፣ 25 ደቂቃ ፈጀችብኝ፣ ጉዳዩ መሐል ላይ ነው፣ ከሥሩም ተሰምሮበታል። ፕሪንተር ገና ስለሌለኝ በፍላሽ ማዶ ወስጄ ነው ያሳተምኳት፤ የኮፒ ቤቷ ልጅ ዛሬ አንድም ነገር ሳትነካ አወጣችልኝ።